«በጠቅላላው ከስሬአለሁ» የሚል ክስ ማንን ይጠቅማል?

ከእንጦጦ ሥር እስከ ቀበና ወንዝ ባለው ተዳፋት የላይኛው ቤት ግድግዳ ሲናድ የሚወድቀው በታችኛው ጎረቤት ላይ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለ አንድ ባለሱቅ በክረምት ይህ ደረሰበት እንበል። ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ «በጠቅላላው 600 ሺህ ብር ከስሬአለሁ» ያሰኛል። ስንቱ ለቆርቆሮ፣ ስንቱ ለዘይትና ለስኳር፣ ስንቱ ሱቁ ተዘግቶ ለቀረው ትርፍ እንደሆነ ግን ክሱ አይናገርም።

በኃላፊነት በኩል ሕጉ ለከሳሹ አይከፋም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ እንኳ ቢሆን፣ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ችግሩ የሚመጣው ወደ ገንዘቡ ሲደረስ ነው። አንቀጽ 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ያልተቆጠረ ጉዳት ከምን ጋር ይስተካከላል? ተከሳሹስ ስለ የትኛው ዕቃ ይከራከር?

አጋንኖ መጻፍም ያስከፍላል፤ የዳኝነት ገንዘቡ ከተጠየቀው መጠን ጋር ያድጋልና። ለኅሊና ጉዳት ብቻ 200 ሺህ ብር የሚያስጽፉ አሉ፤ ሕጉ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1 ሺህ ብር አያሳልፍም። (የዛሬ 1 ሺህ ብር ምን እንደሚገዛ ሾላ ገበያ የሚውል ሰው ያውቀዋል፤ ያ ሌላ ክርክር ነው።)

«ደረሰኝ ከየት ይምጣ?» የሚለው የነጋዴዎች ጥያቄ ተገቢ ነው። ዝርዝርና ደረሰኝ ግን አንድ አይደሉም። የዱቤ ደብተር፣ ዕቃውን ያስረከበው አከፋፋይ ምስክርነት፣ በዕለቱ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ የባለሙያ ግምት፣ ሁሉም ያስረዳሉ። ቆራሌው የገዛው ቆርቆሮ ዋጋም ተቀናሽ ሆኖ ቢጻፍ ከሳሹን ያስከብረዋል። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ላልቻለ ጉዳት ደግሞ አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ይፈቅዳል። ይህ በር የተከፈተው ሊቆጠር ለማይችል እንጂ ሊቆጥር እየቻለ ለሰነፈ አይደለም።

ለክሱ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ፍርስራሹ ግን በሳምንት ይጠረጋል። ስለዚህ ችሎቶች ዝርዝሩን መጠየቅ ያለባቸው መዝገቡ ሲከፈት ነው። ዝርዝር የጎደለውን ክስ እንዲሻሻል ማዘዝ ይቻላል፤ ባለሱቁን ዓመት ሙሉ አመላልሶ «ጉዳትህን አላስረዳህም» ብሎ ባዶ እጁን ከመስደድ ይህ ይሻላል።