ስለቱን እያነገሡ ቀጥቃጩን መርሳት

በጃቫ ደሴት እጅግ የታወቀው የጩቤ ታሪክ የሚጀምረው በአንድ ሠራተኛ ሞት ነው። «ፓራራቶን» የተሰኘው የነገሥታት ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ ኬን አሮክ የተባለ ሰው ወደ ቀጥቃጩ ወደ እምፑ ጋንድሪንግ ሄዶ ክሪስ የተባለውን ጩቤ እንዲሠራለት አዘዘ። ቀጥቃጩ አንድ ዓመት ጠየቀ፤ አሠሪው የሰጠው አምስት ወር ብቻ ነበር። በአምስተኛው ወር ሲመለስ ሥራው አላለቀም። ኬን አሮክ በቁጣ ስለቱን ነጥቆ ሠሪውን በገዛ እጁ ሥራ ወጋው። ጋንድሪንግም ነፍሱ ሳትወጣ ሰባት ነገሥታት በዚያው ስለት እንዲያልቁ ረገመ። ገዳዩ እ.ኤ.አ. በ1222 የሲንግሃሳሪን መንግሥት መሥርቶ ነገሠ፤ በመጨረሻም በዚያው ጩቤ ወደቀ።

ይህን ያነሣሁት ለተረትነቱ ብዬ አይደለም። ስለ ክሪስ በሚጻፈውና በሚነገረው ውስጥ ያው ግድያ ዛሬም ስለሚደገም ነው። ጩቤው ይወደሳል፤ ሠሪው በዝምታ ይገደላል።

በጉዳዩ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አቋሞች ይታያሉ። አንደኛው የአድናቂዎች ነው። እነዚህ ወገኖች ስለቱ ቀጥ ያለ ይሁን ወይም እንደ እባብ የሚጥመለመል፣ የመታጠፊያው ቁጥር ጎዶሎ የሆነበት ምሥጢር ምን እንደሆነ፣ በውስጡም ምን ዓይነት መንፈስ እንዳደረ ሲከራከሩ ይውላሉ። ሁለተኛው የነቃን ነን ባዮች አቋም ነው። እነርሱ ደግሞ ክሪስን የአጉል እምነትና የፊውዳል ሥርዓት ቅሪት ብለው በአንድ ቃል ይጥሉታል። ሁለቱ ጠላቶች ይመስላሉ፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ሁለቱም የቀጥቃጩን ደጅ አልረገጡም።

እስቲ እኛ እንግባ። በጃቫ ቋንቋ ፓንጃክ የሚባሉት ረዳቶች ከባዱን መዶሻ ይዘው በመስፉ ዙሪያ ቆመዋል። እምፑ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ ያገላብጣል። ብረትና ኒኬል ያለበት ማዕድን ተነባብረው በእሳት ይጣበቃሉ፤ ይቀጠቀጣሉ፤ ይታጠፋሉ፤ እንደገና ይጣበቃሉ። ንብርብሩ ከበዛ በኋላ በመካከሉ አረብ ብረት ይገባበታል፤ ስለት የሚሆነው እርሱ ነው። በፍጻሜው በሎሚ ጭማቂና በአርሰኒክ ሲታጠብ ብረቱ ይጠቁራል፤ ኒኬሉ ብር መስሎ ያበራል። ፓሞር የሚባለው የተደነቀ ጌጥ ይህ ነው። እሳቱ ከልክ ቢያልፍ ብረቱ ይቃጠላል፤ ቢያንስ ንብርብሩ አይያያዝም። ልኩን የሚያውቀው የእሳቱን ቀለም የሚያነበው የእምፑ ዓይን ብቻ ነው።

አድናቂዎቹ «ፓሞር የሰማይ ኃይል ነው» ይላሉ። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ በፕራምባናን አቅራቢያ የተገኘው ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ወደ ሱራካርታ ቤተ መንግሥት ተወስዶ ለዚሁ ሥራ መዋሉ እውነት ነው። ነገር ግን ቀጥቃጮቹ ከውጭ በመጣ ኒኬልም ያንኑ ጌጥ አውጥተዋል። ሰማይ የሰጠው ድንጋይ ነው፤ ጌጡን ያወጣው ክንድና ዕውቀት ነው። ይህን የተረዳ ሰው ጩቤውን አያመልክም፤ በአጉል እምነት ስምም የሰው ልጅን ዕውቀት አይጥልም።

የጥንቱ ጃቫዊ ይህን ያውቅ ነበር። በላዉ ተራራ ላይ በ15ኛው መቶ ዘመን በታነጸው የሱኩህ ቤተ መቅደስ በድንጋይ የተቀረጸውን እንመልከት። ጀግናው ቢማ ስለት ይቀጠቅጣል፤ አርጁና ወናፍ ይነፋል፤ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ጋኔሻ በመካከላቸው ይጨፍራል። በዚያ ቅርጽ ውስጥ ጀግኖቹ ራሳቸው ቀጥቃጮች ናቸው።

ከሁሉ በላይ እኛን የብዕር ሰዎችን ሊያሳፍረን የሚገባ አንድ ቃል አለ። «እምፑ» የቀጥቃጭ ማዕረግ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1365 «ናጋራክርታጋማ»ን የጻፈው ባለቅኔ እምፑ ፕራፓንቻ ነው። የዛሬይቱ ኢንዶኔዢያ ብሔራዊ መፈክሯን የወሰደችበትን «ሱታሶማ»ን የደረሰውም እምፑ ታንቱላር ነው። ጃቫ ቃል የሚያነጥረውንና ብረት የሚያነጥረውን በአንድ ስም አከበረች። እኛስ? «ጠቢብ» እና «ጠይብ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ሆነው ሳሉ አንዱን ለሊቅ ሰጠን፤ ሌላውን ስድብ አደረግነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ ምላስን ይገታ ይሆናል፤ ክብርን ግን ብቻውን አይፈጥርም።

ዓለም አቀፍ መዝገብም እንዲሁ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ለኢንዶኔዢያ ክሪስ ዕውቅና ሰጠ፤ በ2008 በሰው ልጅ ቅርስነት መዘገበው፤ የእምፑዎች ቁጥር በእጅጉ እየቀነሰ መሆኑንም አብሮ ገለጸ። በ2020 ኔዘርላንድ የልዑል ዲፖኔጎሮን ክሪስ ለኢንዶኔዢያ መለሰች። የልዑሉ ስም በየጋዜጣው ወጣ፤ የቀጥቃጩን ስም የጠየቀ ግን ማን ነው? ገበያው ደግሞ አሮጌውን ብቻ ስለሚያከብር አዲስ ስለት በአሲድ ተበልቶ፣ አሮጌ መስሎ ይሸጣል። ሠሪው እንጀራውን ለማግኘት ስሙን መደበቅ ግድ ሆነበት። ከዚህ የከፋ የኪነ ጥበብ ውርደት አላውቅም!

ተስፋ የለም ማለቴ ግን አይደለም። በዮግያካርታ አካባቢ ሊጠፋ የተቃረበው ሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንደ እምፑ ጄኖ ሃሩምብሮጆ ባሉ ሰዎች እጅ እንደገና ነፍስ ዘርቷል። በሱራካርታ የኪነ ጥበብ ተቋም ክሪስ የሚያጠና የትምህርት ክፍል ተከፍቷል። መንገዱ ይህ ነው፦ ቀጥቃጩ መምህር ይሁን።

ስለዚህ ኤግዚቢሽን የምታዘጋጁ ጓዶች፣ ከስለቱ በታች የባለቤቱን ስም ስትጽፉ የሠሪውን ስም አስቀድሙ፤ ካልታወቀም «ሠሪው አልተጠየቀም» ብላችሁ ጥፋታችንን መዝግቡ። መምህራን፣ ልጆቹን ወደ ሙዚየም ከመውሰዳችሁ በፊት ወደ ወናፉ ውሰዷቸው። እኛ ደራስያንም የጀግናውን ጎራዴ ስናወድስ በከሰል የጠቆረውን እጅ እናስታውስ። ጋንድሪንግ የጠየቀው አንድ ዓመት ነበር፤ ከእርሱ የነፈግነውን ጊዜ ዛሬ በሕይወት ላሉት እንስጥ።