ስልክ ካልተከፈተ አልበላም
የሁለት ዓመት ተኩል ልጄ ስልክ ካልተከፈተለት አፉን አይከፍትም ነበር። ያስለመድኩት እኔው ነኝ። እሱ ካርቱኑ ላይ ሲያፈጥ ፍትፍቱን አጎርሰዋለሁ፤ መጥገቡን እሱም እኔም አናውቅም። በየመሃሉ ደግሞ እንዳያለቅስ ብስኩትና የታሸገ ጁስ! ታዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ከየት አምጥቶ ይራበው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዕድሜ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። እኛ ቤት ያቺ ሰዓት የምታልቀው ገና ቁርስ ላይ ነበር።

አሁን ምግብ 3 ጊዜ፣ በመሃል መክሰስ 2 ጊዜ ነው፤ ሙዝ ወይም የተቀቀለ ድንች። ከዚያ ውጪ ውሃ ብቻ። እናቴ «ልጁን በረሃብ ልትገድለው ነው?» ብላ ተቆጥታኛለች። አልፈርድባትም። ግን ልጅ በቃኝ ካለ በቅቶታል፤ እየለመኑ ማጉረስ ይቅር።

ትናንት ሽሮውን በገዛ እጁ በላ፤ ግማሹ ልብሱ ላይ ቀረ። በመሃል ስልክ ፍለጋ እጁን ኪሱ የከተተው እኔ ነኝ።