ሽመላዋን ለልጆች ብቻ አንተውላቸው

የመርከዝ ክሊታችን ነዋሪዎች፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች። እኔ የኡልፓን ጀማሪ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሐሳቡ የራሴ ነው፤ ፊደሉን ያቃናልኝ ግን ሌላ ሰው ነው። ስሕተት ካለበት ይቅርታ አድርጉልኝ። የምናገረው ስለ ወፍ ነው። አትሳቁ። እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ከዚያ ብትስቁም ግድ የለኝም።

ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ወፍ የማየት ቲዩል ተደርጎልን ነበር። የመጀመሪያው በነሐሴ መጨረሻ ወደ ቤት ሸአን ሸለቆ፣ ሁለተኛው ሲግድ ሊደርስ ሲል ወደ ሑላ። ማስታወቂያው በር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ቤተሰብ ሁሉ ይምጣ ይላል። አውቶቡሱ ግን የተሞላው በልጆች ነው። ከትልልቅ ሰው በመጀመሪያው አራት፣ በሁለተኛው ስድስት ብቻ ነበርን። እኔ ይህ ልክ አይደለም እላለሁ። ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እኔም መሄድ አልፈለግሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ወፍ ጠላቴ ነበረች። ትምህርት ቤት ሳልገባ የቀረሁት በወፍ ምክንያት ነው። የሰፈር ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ እኔ ማሽላ ውስጥ ማማ ላይ ቆሜ ወንጭፍ እወነጭፍ ነበር። ግሪሳ የመጣ ዕለት ማሳው በአንድ ጧት ያልቃል። ስለዚህ አባቴ የሚያስፈልገው ተማሪ ሳይሆን ወፍ ጠባቂ ነበር። ታዲያ አሁን በዚህ ዕድሜዬ አሌፍ ቤት ስጀምር "ነይ ወፍ እንይ" ሲሉኝ ምን ልበል? የሄድኩት ትንሹ ልጄ "እማዬ፣ የሁሉም እናት ትሄዳለች" ብሎ ስለዋሸኝ ነው።

ቤት ሸአን የደረስነው በጧት ነው። ማዳሪኹ ከዓሣ ኩሬዎቹ ዳር አቆመንና ረጅም ንግግር አደረገ። እጁን ወደ ሰሜን፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ላይ ያደርጋል። እኔ ልጄን "ምን ይላል?" አልኩት። "ትልቅ ወፍ አለ ይላል" አለኝ። ይኸው ነው የተረጎመልኝ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐኪም ዘንድም፣ ባንክም፣ የልጆች ትምህርት ቤትም ስንሄድ አፋችን ልጃችን ነው። ሰውዬው ብዙ ይናገራል፣ ልጁ ጥቂት ይነግረናል። እኛም ዝም እንላለን። ልጁም እናቴ ምንም አታውቅም ብሎ ያድጋል።

ትንሽ ቆይቶ ፀሐዩ ሲሞቅ ከሩቅ ሰማይ ላይ ነጠብጣብ ነገር ታየ። ልጆቹ ሁሉ "አሞራ! ንስር!" ብለው ጮኹ። እኔ በባዶ ዓይኔ አይቼ "ሽመላ ናት" አልኩ። ልጄ ዞር ብሎ "እንዴት አወቅሽ?" አለኝ። "አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታለች፣ እግሯን ወደ ኋላ፤ ክንፏን ሳታራግብ ትዞራለች" አልኩት። ማዳሪኹ በመነጽሩ አየና "ሐሲዶት!" አለ። ከዚያ ይህች ሴት ምን አለች ብሎ ልጄን ጠየቀው። ልጄ የእኔን ቃል ወደ ዕብራይስጥ አንድም ሳያስቀር ተረጎመው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አላሳጠረብኝም። ቲዩሉ የልጆች ብቻ መሆን የለበትም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በኋላ አማርኛ የምትችል አንዲት ልጅ ማዳሪኹ ያለውን በሙሉ አስረዳችኝ። እኔም ለእናንተ ላካፍላችሁ። በዚህች ትንሽ አገር ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች ያልፋሉ። በመከር ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ፣ በጸደይ ተመልሰው ይወጣሉ። ከነዚህ ውስጥ ሽመላ ብቻዋን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ትሆናለች። በዚህ በኩል የምታልፍበትም ምክንያት አለ። ሽመላ ከባድ ወፍ ናት፣ ክንፏን እያራገበች ሩቅ መሄድ ያደክማታል። የምትሄደው ምድር ሲሞቅ ወደ ላይ በሚነሣው አየር ነው። ክንፏን ዘርግታ እየዞረች ትወጣና ከላይ ሆና ወደ ፊት ትንሸራተታለች፤ ዝቅ ስትል ደግሞ ሌላ ሙቅ አየር ትፈልጋለች። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር የለም። ስለዚህ የሜዲትራንያንን ባሕር በቀጥታ አታቋርጥም፤ በቱርክ በኩል ዞራ፣ በእሥራኤል ላይ አልፋ፣ በሲናይ ወደ ዓባይ ወንዝ ትሻገራለች። ከዚያ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ አንዳንዷም እስከ ደቡብ አፍሪካ ትደርሳለች። ወፎቹ ብዙ ስለሆኑ የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች እንኳ ከነሱ እንዳይጋጩ መንገዳቸውና ሰዓታቸው ይጠናል።

እንግዲህ አስቡት። ልጆች ሆነን ሽመላ ስናይ ስለ ኢየሩሳሌም እንጠይቃት ነበር። ዜማውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እዚህ መጻፍ አያስፈልገኝም። ካደግን በኋላ ግን የልጅ ጨዋታ ነው ብለን ተውነው። ጨዋታ አልነበረም። በመስከረም ጎንደር ላይ ያየናት ሽመላ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብላ በዚህ አገር ላይ አልፋ ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን ካርታ አልነበራቸውም፣ መነጽር አልነበራቸውም። ግን ወፏ ከየት እንደምትመጣ ያውቁ ነበር። በኦሪትም ቢሆን ሽመላ በዘሌዋውያን ከማይበሉት ወፎች ጋር ተቆጥራለች። በዕብራይስጥ ሐሲዳ የምትባለውም ሔሴድ ከሚለው ቃል ነው፣ ቸርነት ማለት ነው ብላ ሞራችን ነግራናለች። እኔ ያችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። በወረቀት የተማርኳቸውን ቃላት ግን በማግሥቱ እረሳቸዋለሁ።

ሁለተኛው ቲዩል ሑላ ነበር። እዚያ ያየነው ወፍ በዕብራይስጥ ዓጉር ይባላል፤ ግራጫ፣ እግረ ረጅም፣ ድምፁ እንደ መለከት የሆነ ነው። እኛ እንደ ሽመላ አድርገን ነበር የምናየው፣ ግን ሌላ ነው። ከከፊሉ ሕዝቡ እዚያው ሑላ ይከርማል፤ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ከፊሉ ደግሞ አልፎ ወደ አፍሪካ ይወርዳል። ጣና ዙሪያ የሚከርም አለ። ጣና ዳር የኖራችሁ እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ። ሳክናይ የሚባለውንም አየነው፤ ሳክ ጆንያ ማለት ነው፣ ከመንቆሩ ሥር ከረጢት ስላለው ነው እንዲህ ያሉት። እሱም የጣና ሰው ነው። ሰዎቹ በትራክተር የሚጎተት ጋሪ ላይ ያስቀምጡናል፤ ዓጉሮቹ ትራክተር ስለለመዱ አይሸሹም። ወደ ማታ ከየእርሻው እየጮኹ ወደ ውሃው ሲመለሱ ሰማዩ ጠቆረ። አብራን የነበረች አንዲት እናት እልል ልትል ብላ ልጇ አፏን ያዘው።

አሁን ለገበሬ የሚሆን ነገር ልንገራችሁ። ዓጉር የለውዝ ማሳ ያጠፋል። እኛ ብንሆን ወንጭፍና ጅራፍ እናወጣለን። የሑላ ገበሬዎች ግን ሌላ ብልሃት አመጡ። ለብዙ ዓመታት በክረምት በአንድ ቦታ ላይ የበቆሎ ፍሬ በትራክተር ሲበተንላቸው ኖሯል፣ ሌላውን ማሳ እንዲተዉ። ይህን ስሰማ "አባቴ ይህን ቢሰማ እብድ ናቸው ይል ነበር" አልኩ። ጥቅሙ ግን ታይቷል። ጉዳትም አለው፤ በአንድ ቦታ ብዙ ሲከማች በሽታ ይመጣል። በታኅሣሥ 2021 የወፍ ጉንፋን ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓጉሮች እዚያው ሑላ አልቀዋል። ስለዚህ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ የሞተ ወፍ ካዩ በእጃቸው እንዳይነኩ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሑላ ድሮ ትልቅ ሐይቅና ረግረግ ነበር። ከ1951 እስከ 1958 ድረስ ቦይ ቆፍረው ውሃውን አፈሰሱት። መሬቱን ለእርሻ ፈለጉት፣ ወባውንም ለማጥፋት ነበር። በኋላ ግን ያ ጥቁር አፈር ደረቀ፣ ነደደ፣ ሰመጠ፣ ነፋስ ወሰደው። ስሕተቱን አዩና በ1994 ከፊሉን መልሰው በውሃ ሞሉት። አጋሞን የሚባለው እሱ ነው። ወፎቹም ተመለሱ። እኔ ይህን ስሰማ ስለኛ አሰብኩ። እኛም አዲስ አገር ስንገባ የያዝነውን ሁሉ ይህ አይጠቅምም፣ ያ ኋላ ቀር ነው እያልን እናፈሰዋለን። ልጆቻችን ትልቅ ሲሆኑ ይጠይቁናል። ያን ጊዜ መልሶ መሙላት እንደ ውሃ ቀላል አይሆንም።

የማይሄዱ ሰዎች ምክንያታቸውን ነግረውኛል። አንዳንዱ ሥራ አለብኝ ይላል። ይህ እውነት ነው። ሌሊት ጽዳት ሠርቶ የመጣ ሰው በጧት አውቶቡስ ላይ ሊወጣ አይችልም። እሱን አልወቅስም። አንዳንዱ ደግሞ ወፍ ማየት የልጅና የሀብታም ነገር ነው፣ እኛ የሚያስፈልገን ቋንቋ፣ ሥራና ቤት ነው ይላል። ቋንቋና ሥራ ቤትም ያስፈልጉናል፣ ልክ ነው። ግን ቋንቋ የሚገባው አንገትን አስደፍቶ ብቻ አይደለም። እኔ ጥቂትም ቢሆን ዕብራይስጥ ሳልፈራ የተናገርኩት እዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ ስለማውቀው ነገር ስለተጠየቅሁ።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይከብዳል። ኪታ ውስጥ አንድ ወንድማችን "ዘመዶቻችን ጎንደር ተቀምጠው እየጠበቁ እኛ ወፍ እናያለን?" ብሎ ተናገረ። ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ ግን እመልስለታለሁ። ወንድሜ፣ እህቴ ጎንደር ናት። ስንት ዓመት ሙሉ ትጠብቃለች። ወፍ ማየት ቪዛ አያመጣላትም። አለማየትም አያመጣላትም። እኔ ከቤት ሸአን የተመለስኩ ማታ ደውዬ "ሽመላዎቹ ከዚህ ተነሥተዋል፣ ሰማይ ሰማይ እያየሽ ጠብቂ" አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ከዚያ ልጄን አቅርቢልኝ አለችና የድሮውን ዜማ በስልክ አስተማረችው። እሷን የረሳኋት በዚያ ቀን ነው ወይስ ያስታወስኳት? አንተው ፍረድ።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። አንደኛ፣ ቲዩሉ ሠራተኛው በሚያርፍበት ቀን ይሁን፤ ዓርብ ጧት ቢሆን ብዙ ሰው ይመጣል። ሁለተኛ፣ አማርኛ የሚችል ሰው አብሮን ይሂድ፤ ልጆቻችን ልጅ ሆነው ይዋሉ፣ አስተርጓሚ አይሁኑ። ሦስተኛ፣ ሽማግሌዎቻችንና ኬሶቻችን የወፎቹን ስም ያውቃሉ። ማን ምን ይባላል፣ በስንት ወር ይመጣል፣ ሲመጣ ምን እንዘራ ነበር፣ ይህን በአንድ ደብተር እንጻፈው። በአንድ በኩል አማርኛ፣ በአንድ በኩል ዕብራይስጥ። እኔ ጽሕፈቴ ደካማ ነው፣ ግን የማውቀውን እናገራለሁ፣ ልጄ ይጽፋል።

አራተኛው ለወላጆች ነው። ግቢያችን ውስጥ ልጆች እርግብና ሌላም ወፍ በድንጋይ ሲመቱ አይቻለሁ። እኛ አገር ማሳ ለመጠበቅ ነበር። እዚህ ማሳ የለንም። በዚህ አገር በ1955 የወጣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አለ። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ነውር ነው።

በመጋቢት ሽመላዎቹ ከአፍሪካ ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ሌላ ቲዩል እንዲደረግልን ጠይቀናል። ስማችሁን ለሞራችን ስጡ። ውሃና ባርኔጣ ያዙ፣ ዳቦም ያዙ፤ ወፍ ስትጠበቅ ይርባል። መነጽር የለኝም ብላችሁ አትቅሩ። እኔም የለኝም፣ ማማ ላይ ያደገ ዓይን አለኝ። እናንተም አላችሁ።

ሰላም ሁኑ።

ከኡልፓን ተማሪዎች አንዷ