ለሃጩ የሚዝረበረብ ውሻ፦ የጥርስ ሕመም ወይስ የእብድ ውሻ በሽታ?

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ግርጌ እስከ የካ ክፍለ ከተማ መንደሮች ድረስ ውሻ በዋናነት የሚያዘው ለጥበቃ ነው። ጅብ ከጫካው በሚወርድበት በዚህ አካባቢ በግ ያለው ገበሬም፣ ግቢ ያለው ነዋሪም የሚተማመነው በውሻው ነው። የዚህን ጠባቂ አፍና ጥርስ የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው።

ያደገ ውሻ 42፣ ያደገች ድመት ደግሞ 30 ጥርሶች አሏቸው። ባክቴሪያ በጥርስ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ካልተወገደ በምራቅ ውስጥ ባሉ ማዕድናት ጠጥሮ ቡናማ ቅርፊት ይሆናል። ከዚያም ድዱ ይቆጣል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተጎዳ ጥርሱ ይነቃነቃል። መጥፎ የአፍ ጠረን፣ በአንድ ወገን ማኘክ፣ ምግብ መጣልና ለሃጭ ማብዛት ምልክቶቹ ናቸው።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ ሁልጊዜ አይናከስም። አንዳንዱ መንጋጋው ሽባ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ምራቁን መዋጥም ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ቫይረሱ የሚገኘው በምራቅ ውስጥ በመሆኑ በእጅ ላይ ያለ ጭረት መግቢያ ሊሆነው ይችላል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶው በውሻ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በድንገት መብላት ያቆመ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ውሻ አፉ አይነካም። ከሰውና ከከብት ለይቶ መዝጋት፣ ከዚያም የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል። የተነከሰ ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን በሳሙናና በውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጠበል የሚጠመቅ ምእመንም ክትባቱን መተው የለበትም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

በውሻና በድመት ላይ የጥርስ እጥበትና ነቀላ በማደንዘዣ የሚከናወን በመሆኑ ወጪው ለብዙው ቤተሰብ ይከብዳል። የአገራችን የእንስሳት ሕክምና ትኩረትም በአብዛኛው የቀንድ ከብት ነው። በመሆኑም የሚያዋጣው መንገድ መከላከል ነው። በሽታውን ከውሾች ለማጥፋት ከመቶው 70 ያህሉ መከተብ እንዳለባቸው ይታመናል፤ ዓለም አቀፉ ግብም እ.ኤ.አ. በ2030 በውሻ ምክንያት በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ነው። ውሾች የቀበሌ ድንበር ስለማያውቁ ክትባቱ የከተማውንም የገጠሩንም ማካተት ይኖርበታል። ብዙው ውሻ ከሐኪም ጋር የሚገናኘው በክትባት ቀን ብቻ በመሆኑ፣ በዚያው ዕለት ጥርሱና ድዱ ቢታይ ተጨማሪ ጉዞ አያስፈልግም።

በቤትም የተከተበን ውሻ ጥርስ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ይቻላል። የሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይሆንም፤ በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ውሻን ይመርዛል። በበዓል ማግስት የሚጣለው የተቀቀለ አጥንትም ተሰባብሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋልና ባይሰጠው ይመረጣል።