ባለቤት ያለው ፍርሃት፣ ባለቤት የሌለው ገደል

ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ለምን ይፈራል? ጥያቄው ተራ ይመስላል። መልሱ ግን ስለ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን ስለ መንግሥትና ስለ ዜጋ ግንኙነትም የሚናገረው አለው። የዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ነው፦ ፍርሃት ጨዋታ የሚሆነው ተጠያቂ ሲኖረው ብቻ ነው። ተጠያቂ የሌለው ፍርሃት መከራ ነው፤ እኛ ደግሞ ይህን መከራ «ዕጣ ፈንታ» እያልን ስንቀበለው ኖረናል።

ሮለር ኮስተር የሚባለውን የሐዲድ ላይ መንሸራተቻ ከቀድሞው ይበልጥ ከፍ አድርጎ ለመሥራት የዓለም ታላላቅ የመዝናኛ ሥፍራዎች ከተሽቀዳደሙ ሰነባብተዋል። በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው ኪንግዳ ካ 139 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ በ2024 ሥራ አቁሞ በ2025 በፈንጂ ፈርሷል። ዛሬ የክብሩ ባለቤት በሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከሪያድ ወጣ ብሎ በቂዲያ የተሠራው ፋልከንስ ፍላይት ሲሆን፣ ከፍታው 195 ሜትር፣ ፍጥነቱም በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህ ጸሐፊ የተሳፈረበት ከዚህ ያነሰ ነው። ከዋሽንግተን በስተደቡብ፣ በቨርጂኒያ ኪንግስ ዶሚንየን በተባለው ሥፍራ የሚገኘው ኢንቲሚዴተር 305 (በኋላ ስሙ ተለውጧል) 93 ሜትር ከፍታ አለው። በአካባቢው የሚኖሩ የአበሻ ልጆች ክረምት በመጣ ቁጥር ወላጆቻቸውን ውሰዱን እያሉ የሚያስቸግሩት ወደ እንዲህ ያለው ቦታ ነው። ባቡሩ በገመድ ተስቦ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከፊት ለፊት ሐዲድ የለም፤ ሰማይ ብቻ ነው። ቁልቁል ሲወረወር መቀመጫው ከሥር የሸሸ፣ ነፍስም ከሥጋ ቀድማ የወረደች ይመስላል። ከታች ጥምዙ ላይ ደግሞ ሰውነት እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ይሁን እንጂ ከሁሉ በላይ በዚህ ጸሐፊ ልቡና የቀረው ቁልቁለቱ አይደለም። ከመነሣታችን በፊት አንድ ወጣት ሠራተኛ የእያንዳንዳችንን የጭን ማገጃ በእጁ እየጎተተ ማረጋገጡ ነው። ያ ሁሉ ሰው እየጮኸ የሚስቀው ያንን እጅ ስላመነ ነው።

የዚሁ መንሸራተቻ ታሪክ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለው። በተከፈተበት በ2010 ከቁልቁለቱ ሥር ያለው ጥምዝ እጅግ ጠባብ ስለነበር፣ ደም ከራስ ወደ እግር እየሸሸ ተሳፋሪዎች ዓይናችን ጨለመብን ማለት ጀመሩ። ባለቤቶቹ መጀመሪያ የባቡሩን ፍጥነት በፍሬን ቀነሱ፤ ከዚያም ለቀጣዩ ዓመት ጥምዙን አፍርሰው አስፍተው ሠሩት። ልብ ይበሉ! ማንም ሳይሞት፣ የሰው ዓይን ለአፍታ ስለጨለመ ብቻ የብረት ጥምዝ ተለወጠ።

አደጋ በዚያም ይደርሳል። በሰኔ ወር 2015 በእንግሊዝ አገር፣ በአልተን ታወርስ ሁለት የመንሸራተቻ ባቡሮች ተጋጭተው ሁለት ወጣት ሴቶች እግራቸውን አጡ። ድርጅቱ ነገሩን በሰው ስሕተት ሊያሳብብ ቢሞክርም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ጥፋቱ የደኅንነት ሥርዓት ያልዘረጋው የድርጅቱ ነው ብሎ በ2016 አምስት ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው።

ወደ ጋይንት እንምጣ። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት የሚሉት ስሞች ራሳቸው አቀበትና ቁልቁለትን ይናገራሉ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጉና ተራራ እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ ያለው አገር ተፈጥሮ የሠራው መንሸራተቻ ነው። በስሙ እንደሚታወቀው በዕለተ ዓርብ ወደ አርብ ገበያ የሚጓዝ ሰው ጥምዙ ላይ ሲደርስ አይስቅም፤ የእመቤታችንን ስም ይጠራል። የጭን ማገጃ የለውም፤ ያለው ጸሎት ነው።

ይህን ምድር አጼ ቴዎድሮስ ያውቁት ነበር። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር በጋይንት፣ በጨጨሆና በቤተ ሖር አድርገው ወደ መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። የጅጣንና የበሽሎን ገደሎች መንገድ እያስጠረጉ፣ አቀበቱን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ቁልቁለቱን በገመድ ወደ ኋላ እያስያዙ ወረዱ፤ ንጉሡ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። በዚያው ዘመን በጌምድር በእጃቸው ያየችውን ሰቆቃ የሚዘነጋ የለም። ነገር ግን ለአንድ መድፍ ቁልቁለት ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከተደረገ፣ ለሰው ቁልቁለት ምን ተደረገ?

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ፣ በለጋምቦ ወረዳ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞቱ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በሲዳማ፣ ቦና አካባቢ ሰርገኞችን የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ወድቆ 71 ሰዎች አለቁ። እንዲህ ባለ አደጋ ማግሥት የምንሰማው ዜና መልኩ አንድ ነው፤ «ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር»፣ «የአሽከርካሪው ጥንቃቄ ጉድለት»። አሽከርካሪው ብዙ ጊዜ ሟች ነውና መልስ አይሰጥም። ለመሆኑ ሰርገኛው በጭነት መኪና የሚሄደው አማራጭ ስለበዛለት ነውን? ጥምዙን ማን ነደፈው? ጠርዙ ላይ ግንብ ለምን አልቆመም? መኪናውን መርምሮ «ለመንገድ ብቁ ነው» ብሎ የፈረመው ማን ነው?

«አገሪቱ ድሃ ናት» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ድሃ ናት። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀውን የእንጦጦ ፓርክ፣ በገመድ ላይ መንሸራተቻው ጭምር፣ ሠርታለች። መዝናኛ መሠራቱን የሚቃወም ልብ የለኝም፤ የከተማ ልጅ በደኅንነት ታስሮ ቢንሸራተት ደስ ይለኛል። የምጠይቀው ያው መታጠቂያ ለገጠሩም እንዲታሰብለት ነው። በአደገኛ ጥምዝ ጠርዝ የድንጋይ ግንብ ማቆም፣ ከእያንዳንዱ ታላቅ አደጋ በኋላ የመንገዱንና የመኪናውን ምርመራ ለሕዝብ ማሳወቅ፣ ሰው የሞተበትን ጥምዝ አፍርሶ መሥራት ከሀብት ይልቅ ፈቃድን የሚጠይቅ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተስፋፋው ጦርነት ደግሞ ለመንገደኛው ከገደሉ ሌላ የሚፈራው ነገር ተጨምሮበታል፤ ጥይትና እገታ። ይህ ግን የቀደመውን ጥያቄ አይሽረውም፤ ያብሰዋል እንጂ።

«የፈሪ እናት አታለቅስም» ይላል ያገሬ ሰው። በእኛ መንገድ ግን የፈሪውም የደፋሩም እናት እኩል ታለቅሳለች፤ ምክንያቱም ሁለቱም የተሳፈሩት ማንም ባልፈተሸው መኪና፣ ማንም ባልጠየቀው ጥምዝ ላይ ነው። መንግሥት ማለት ሌላው ቀርቶ ከመነሣታችን በፊት ማገጃውን ጎትቶ የሚያረጋግጥ እጅ ማለት ነው። ያ እጅ እስኪገኝ ድረስ መጠየቃችንን አንተው።

ቸር ይግጠመን።