ከፊት ወደ ሰማይ የወጡ ቃላት

እንግሊዝኛ ለኮስታራ ፊት ያወጣቸው ስሞች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ ይገኛሉ። የትኛው ሞተ፣ የትኛው ቆየ ተብሎ ሲመረመር ግን ነገሩ የዕድል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ይታያል። ለእነዚህ ቃላት ዕድሜ የሰጣቸው የዘር ሐረጋቸው ሳይሆን በሕዝብ አፍ መለመዳቸውና ከፊት ገጽታ ሌላ ሥራ ማግኘታቸው ነው።

ጥንታዊው ክምችት ከጀርመናዊው የቋንቋ ቤተሰብ የተወረሰ ነው። «ግሪም» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ጨካኝና አስፈሪ ማለት ነበር፤ የፊት መግለጫ የሆነው ኋላ ነው። «ስካውል» ከስካንዲኔቪያ የመጣ ይመስላል፤ በዴንማርክ ቋንቋ ተቀራራቢ ዘመድ አለው። ከስኮትላንድ የተገኘው «ግላወር» መጀመሪያ ማፍጠጥን ብቻ ያመለክት ነበር፤ የቁጣና የኩርፊያ እይታ የሆነው ቆይቶ ነው።

ሁለተኛው ክምችት የኖርማኖች ወረራ ከተካሄደበት ከ1066 እ.ኤ.አ. በኋላ ከፈረንሳይኛ የገባው ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታየው «ፍራውን» ዛሬ ግንባር መቋጠርን ይገልጻል። የፈረንሳይኛ ምንጩ ግን አፍንጫን መንፋትንና በአፍንጫ በኃይል መተንፈስንም ይጨምር ነበር፤ ሥሩም «የአፍንጫ ቀዳዳ» ከሚል ጥንታዊ የጎል ቋንቋ ቃል ጋር ይያያዛል ተብሎ ይታመናል።

ሦስተኛው የምሁራን ክምችት ነው። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፍት ከላቲን ብዙ ቃላት ተዋሱ፤ ተቃዋሚዎቻቸውም እነዚህን «የቀለም ቀንድ ቃላት» እያሉ ነቀፏቸው። ለአስፈሪ እይታ «ቶርቨስ»፣ ለጨፍጋጋ ጠባይ «ቴትሪክ» የመጡት በዚህ ዘመን ነው። ሮበርት ካውድሪ በ1604፣ ሄንሪ ኮከራም ደግሞ በ1623 ያሳተሟቸው መዝገበ ቃላት ከባድ ቃላትን ለመፍታት የተዘጋጁ ነበሩ። ቶርቨስና ቴትሪክ ግን ከመጽሐፍ ወጥተው ወደ ገበያና ወደ ቤት አልገቡም፤ በዚህም ሞቱ።

የሞቱት ባዕድ ስለሆኑ ነው እንዳይባል፣ «ፍራውን»ም ባዕድ ነበር፤ ግን በሰው አፍ ገብቶ ቀረ። አገር በቀል መሆንም ዋስትና አልሆነም። ማኩረፍን ይገልጽ የነበረው «ግላውት» ከመደበኛው ቋንቋ ጠፍቷል። «ግለንች» የተሰኘው የስኮትላንድ ቃል ሮበርት በርንስ በ1786 ባሳተመው የግጥም መድበሉ ውስጥ ቢገኝም ከስኮትላንድ ውጭ አልተለመደም። ለዕለት ተዕለት ንግግር «ፍራውን»ና «ስካውል» ስለበቁ፣ በፊት ላይ ብቻ የተወሰኑት ተፎካካሪዎች ቦታ አጡ።

ሌሎች ግን አዲስ ሥራ ይዘው ተረፉ። ፊት ማጥቆርን ይገልጽ የነበረው «ላወር» ለዝናብ የከበደ ደመና መግለጫ ሆነ፤ ሼክስፒርም «ሪቻርድ ሦስተኛው» በተባለው ተውኔቱ መክፈቻ ላይ ለደመና ተጠቅሞበታል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ግጥም ውስጥ ለተንጠለጠለ ቅንድብ መግለጫ ከሆነው «ቢትል» ሼክስፒር በ«ሐምሌት» ውስጥ ግስ አውጥቶ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ገደልን ገለጸበት። ቅንድብ ከሚለው የላቲን ቃል የተገኘው «ሱፐርሲሊየስ» ምሁራን ካመጧቸው አንዱ ቢሆንም ከገጽታ ወደ ጠባይ ተሻግሮ የትዕቢተኛ መግለጫ በመሆኑ ቆይቷል።

ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው «ግሉም» ነው። በግስነቱ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ፊት መከስከስ፣ በስኮትላንድም በስምነቱ የኩርፊያ እይታ ማለት ነበር። ከዚሁ የወጣው ቅጽል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጨለመ ጫካን መግለጽ ጀመረ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጆን ሚልተን ስሙን ለድንግዝግዝና ለጨለማ ተጠቀመበት። አማርኛም ፊትንና ሰማይን «ጨፈገገ» በሚል አንድ ቃል ይገልጻል፤ ስለዚህ ዝምድናው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በእንግሊዝኛ ግን አቅጣጫው ከሚጠበቀው የተገላቢጦሽ ነው፦ ፊት ከጨለማ ሳይሆን ጨለማ ከፊት ስሙን ወሰደ።

የሞቱትንም የቆዩትንም ከ1884 እስከ 1928 በክፍል በክፍል የታተመው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከነታሪካቸው መዝግቧቸዋል። መዝገቡ ትዝታቸውን አቆየ እንጂ ሕይወት አልመለሰላቸውም። «ቶርቨስ» ዛሬም ፍቺ ካልተጻፈለት አይገባም፤ «ግሉም» ግን የፊት ስም እንደነበር የማያውቁ ሰዎችም በየቀኑ ይናገሩታል።