የከርሰ ምድር ራዳር ለየትኛው አፈር?

ውሃ ፍለጋ ለደከመ ማኅበር «ሳይቆፈር ከመሬት በታች ያለውን ያሳያል» የተባለ መሣሪያ ተስፋ ቢሰጠው አያስደንቅም። የከርሰ ምድር ራዳር በእርግጥም ያሳያል፤ ዳሩ ግን በሁሉም አፈር ላይ አይደለም። የማኅበሩ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ይህን ልዩነት ሊያስረዳ ይገባል እንላለን።

መሣሪያው በመሬት ላይ እየተጎተተ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ታች ይልካል። ሞገዱ ከአሸዋ ወደ አለት፣ ወይም ከደረቅ ወደ እርጥብ አፈር ሲሻገር ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ለመመለስ ከወሰደበት ጊዜም ጥልቀቱ ይሰላል። ፍጥነቱ ግን እንደሚያልፍበት ነገር ይለያያል። በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ በበረዶ ውስጥ 17 ሳ.ሜ. ያህል ሲጓዝ፣ በውሃ ውስጥ ከ3 ሳ.ሜ. ብዙም አያልፍም። ስለሆነም አፈሩ በረጠበ መጠን ሞገዱ ይዘገያል፤ የአፈርን እርጥበት ከሞገድ ፍጥነት መገመት የተቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዘዴው መጀመሪያ የተሳካው በበረዶ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በኦስትሪያ የበረዶ ግግር ውፍረት በሬዲዮ ሞገድ ተለክቷል፤ በኋላም በአንታርክቲካና በግሪንላንድ ከ3 ኪ.ሜ. የሚበልጥ በረዶ ተመርምሯል። ቀዝቃዛ በረዶ ኤሌክትሪክን እምብዛም ስለማያስተላልፍ ሞገዱን አይውጠውም። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1979 መሣሪያው ለአፈር ጥናት የተሞከረው በፍሎሪዳ አሸዋማ መሬት ላይ ነበር።

የእኛ ዋልካ የዚህ ተቃራኒ ነው። በየአካባቢው መረሬ ወይም ኮትቻ የሚባለው ይህ ጥቁር አፈር በሀገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል። ሸክላው ብዙ ነው፤ እርጥበትም አጥብቆ ይይዛል። ሞገዱን ስለሚውጠው ራዳሩ በረጠበ ዋልካ ላይ አንድ ሜትር እንኳ ዘልቆ ላያይ ይችላል። ታዲያ 30 ሜትር ለሚቆፈር ጉድጓድ ምን ይረባል? ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ ጥልቅ ይደርሳል የሚሉ አሉ። በአሸዋ ላይ እውነት ነው፤ በዋልካ ላይ ግን የሚገኘው ጭማሪ ትንሽ ነው፣ ምስሉም ይደበዝዛል። እንደ መካከለኛው አዋሽ ባለ ጨው በወጣበት የመስኖ እርሻም ችግሩ ያው ነው። እንዲያውም በዋልካ ላይ ገበሬውን በክረምት የሚያስጨንቀው በማሳው ላይ የተኛው ውሃ ነው፤ እሱን ለማየት ደግሞ ራዳር አያስፈልግም። ማሳው ሰፋፊ መደብና ማጠንፈፊያ ቦይ ይውጣለት።

በሸክላማ ቦታ ለጥልቅ ጉድጓድ ጥናት የሚሻለው፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እየሰደዱ የንጣፎቹን ተቃውሞ የሚለኩበት ዘዴ ነው።

ራዳሩን የምንደግፈው በአሸዋማ ወንዞች ላይ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ እንዳሉት በበጋ በሚደርቁ ወንዞች ላይ ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚያጠራቅም ግድብ ሲታሰብ፣ ከአሸዋው ሥር አለቱ የት እንዳለ ማወቅ የግድ ነው። ራዳሩ ይህን ርቀት በአንድ ቀን ሊያሳይ ይችላል፤ በጥቂት ቦታዎች የብረት ዘንግ በመትከል ማረጋገጥም ቀላል ነው። የውሃውን መጠንና ጣዕም ግን አይናገርም።

ማኅበሩ ውል ከመፈረሙ በፊት ሠራተኛው አፈሩን በመሰርሰሪያ አውጥቶ ይመልከት። መሣሪያውም የውሃው ጥልቀት በገመድ በሚታወቅ ነባር ጉድጓድ አጠገብ፣ የማኅበሩ አባላት ባሉበት ይሞከር። የታወቀውን ውሃ ካላሳየ ለተቀረው መሬት አይከፈል።